ማርታ ግራሃምና የጥበብ አጋሮቿ፦ በዘመናዊ ውዝዋዜ የጋራ ፈጠራ አሠራርና ለካፋ ውዝዋዜ ጥናት ያለው ፋይዳ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ የአሜሪካዊቷን ኮሪዮግራፈር የማርታ ግራሃምን (1894–1991) ሕይወት ከሥራ አጋሮቿ ጋር ከነበራት ግንኙነት አንጻር ይቃኛል። ግራሃም በታሪክ የምትታወቀው የዘመናዊ ውዝዋዜን ቋንቋ ብቻዋን እንደፈጠረች ሴት ነው። ሥራዎቿ ሲመረመሩ ግን ከሙዚቃ ደራሲዎች፣ ከቀራፂ፣ ከመብራት ባለሙያና ከተወዛዋዦች ጋር በተለያየ ቅደም ተከተል የተሠሩ መሆናቸው ይታያል። ከአጋሮቿ አንዱ ሃሊም ኤል-ዳብ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቷል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ፣ የአጋርነት ጥንካሬ የሚመነጨው ከግልጽ የሥራ ድርሻ መሆኑንና ያልተጻፈ ድርሻ ግን ባለሙያው ካለፈ በኋላ የክርክር ምንጭ እንደሚሆን ማሳየት ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በካፋ ዞን ውዝዋዜን ለሚያጠኑና ወደ መድረክ ለሚያመጡ ባለሙያዎች ቀጥተኛ ፋይዳ አለው። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

የካፋ ብሔር ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮ በመስከረም ወር በቦንጌ ሻምበቶ ሲከበር የሚዘፈነውና የሚጨፈረው የአንድ ሰው ድርሰት ተብሎ አይጠራም። አውጪው፣ ተቀባዩ፣ አጨብጫቢውና ጨፋሪው በአንድ ስፍራ ተገናኝተው የሚያቆሙት የጋራ ሥራ ነው። ይህን መሰል ጭፈራ የባህል ቡድን ወስዶ ወደ መድረክ ሲያወጣው ግን ሁኔታው ይለወጣል። ሰዓት ይወሰንለታል፤ እንቅስቃሴው ተመርጦ ያጥራል፤ አልባሳቱ አንድ ወጥ ይሆናሉ፤ ሙዚቃውን ሌላ ባለሙያ ያቀናብረዋል። በመጨረሻም በዝግጅቱ ማስታወቂያ ላይ የአንድ ቡድን ወይም የአንድ አሠልጣኝ ስም ብቻ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ሥራው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት። የካፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮ፣ የምዕራብ ኦሞና የኮንታ ውዝዋዜዎች በአንድ ዝግጅት ሊገናኙ የሚችሉባት ከተማ እንደመሆኗ፣ ጥያቄው ለአካባቢው ተመራማሪዎች የዕለት ተዕለት ሥራ ጉዳይ ነው።

የግራሃምን ሕይወት ለዚህ ጥያቄ መመርመሪያነት ለመምረጥ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ የሥራ አጋርነቷ በደብዳቤ፣ በፊልምና በፍርድ ቤት መዝገብ ጭምር በሰፊው የተመዘገበ ነው። ሁለተኛ፣ ከአጋሮቿ የአንዱ ታሪክ በቀጥታ ከኢትዮጵያ ጋር ይገናኛል። ንጽጽሩ የካፋን ጭፈራ ከኒው ዮርክ መድረክ ጋር እኩል ወይም አንድ ዓይነት ለማድረግ የታሰበ አይደለም። የታሰበው የጋራ ፈጠራ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚጠፋ ከአንድ ግልጽ ጉዳይ ለመማር ነው።

ከተማሪነት ወደ ራስ መድረክ

ማርታ ግራሃም ግንቦት 11 ቀን 1894 በፔንሲልቬኒያ ግዛት በአሌጌኒ ተወለደች፤ ከተማዋ ዛሬ የፒትስበርግ አካል ናት። አባቷ የነርቭና የአእምሮ ሕመም ሐኪም ነበር። የሕመምተኞቹን ሁኔታ ከአካል እንቅስቃሴያቸው የማንበብ ልማዱ በልጅቷ ላይ ጥልቅ አሻራ እንደተወ የሕይወት ታሪኳ ጸሐፊዎች ያነሣሉ። ቤተሰቡ በ1908 ገደማ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ ተዛወረ። በ1911 በሎስ አንጀለስ የሩት ሴንት ዴኒስን ትርኢት መመልከቷ ተወዛዋዥ የመሆን ምኞቷን ቀሰቀሰው። በ1916 ሴንት ዴኒስና ቴድ ሾን ወደ መሠረቱት የዴኒሾን ትምህርት ቤት ስትገባ ዕድሜዋ 22 ነበር፤ ለውዝዋዜ ሥልጠና ዘግይታለች ሊባል የሚችልበት ዕድሜ ነው።

በዴኒሾን ከእንቅስቃሴ ሌላ ያገኘችው ትልቁ ነገር አንድ ሰው ነው፤ የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ኃላፊ ሉዊስ ሆርስት። ግራሃም በ1923 ዴኒሾንን ትታ ለሁለት ዓመት በብሮድዌይ ትርኢቶች ሠራች። በ1925 በሮቸስተር በሚገኘው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረች። ሚያዝያ 18 ቀን 1926 በኒው ዮርክ የመጀመሪያውን የራሷን ትርኢት ስታቀርብ ከእሷ ጋር መድረክ ላይ የወጡት ከኢስትማን ተማሪዎቿ መካከል የነበሩ 3 ወጣት ሴቶች ነበሩ። በፒያኖው ላይ የተቀመጠው ሆርስት ነው። በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቷንና ቡድኗን መሠረተች። ስለዚህ በታሪክ የአንዲት ሴት ጅማሬ ተብሎ የሚጠቀሰው ምሽት ራሱ ከተማሪዎችና ከአንድ ሙዚቀኛ ጋር የተቆመ ነበር።

ሉዊስ ሆርስት፦ ሙዚቃ ውዝዋዜን ሲከተል

ሆርስት ከግራሃም በ10 ዓመት ይበልጣል። ለእሷ አጃቢ ፒያኒስት ብቻ አልነበረም፤ ሥራዋን የሚተች፣ የዘመኑን ሙዚቃ የሚያስተዋውቅና ቅርፅ የሚያስተምር ሰው ነበር። በዚያ ዘመን የተለመደው አሠራር ቀድሞ የተጻፈ ዝነኛ ሙዚቃ ወስዶ በላዩ ላይ መወዛወዝ ነበር። ሆርስት ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው። ኮሪዮግራፈሯ እንቅስቃሴውን ትሠራለች፤ እሱ የእንቅስቃሴውን ቆጠራና ቅርፅ አጥንቶ በኋላ ሙዚቃ ይጽፍለታል። ሙዚቃው ውዝዋዜውን ይደግፋል እንጂ አይመራም።

ይህ አሠራር ለግራሃም የራሷን የአካል ቋንቋ የምታጠራበት ነፃነት ሰጣት። መተንፈስን መነሻ አድርጋ የሰውነትን መሃል በመኮማተርና በመፍታት ላይ የተመሠረተውን ዘዴዋን ያዳበረችው በእነዚህ ዓመታት ነው። በ1930 ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበችው ላሜንቴሽን፣ ማለትም ሙሾ፣ የዚህ ፍለጋ ምሳሌ ነው። ተወዛዋዧ በአግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች በሚለጠጥ ጨርቅ ውስጥ ሆና ትንቀሳቀሳለች፤ ሐዘኑ የሚታየው በፊቷ ሳይሆን በጨርቁ ውጥረት ነው። ሙዚቃው የሃንጋሪያዊው የዞልታን ኮዳይ ነበር። በ1931 የቀረበው ፕሪሚቲቭ ሚስተሪስ ደግሞ የሆርስት ሙዚቃ ያለውና በሴቶች ቡድን የሚቀርብ ሥራ ነው።

ሆርስት እስከ 1948 የቡድኑ የሙዚቃ ኃላፊ ሆኖ ቆየ። በ1934 ዳንስ ኦብዘርቨር የተባለውን መጽሔት መሥርቶ ለዘመናዊ ውዝዋዜ የሂስ መድረክ አበጀ። እስከ ሞተበት እስከ 1964 ድረስም የውዝዋዜ ቅንብርን ለበርካታ ትውልድ አስተማረ። የእሱ ድርሻ ለታሪክ የተረፈው ሙዚቃው በወረቀት ስለተጻፈና ስሙ ከሥራው ጋር ስለተመዘገበ መሆኑን ልብ ይሏል። ለተወዛዋዦቹ ይህ ዕድል አልደረሳቸውም።

ኢሳሙ ኖጉቺ፦ መድረክ አካል ሲሆን

እስከ 1935 ድረስ ግራሃም የምትሠራው በአብዛኛው ባዶ መድረክ ላይ ነበር። በዚያ ዓመት የጃፓንና የአሜሪካ ዝርያ ያለውን ቀራፂ ኢሳሙ ኖጉቺን ለፍሮንቲየር የመድረክ ገጽታ እንዲሠራ ጠየቀችው። ሁለቱ ቀድመው ይተዋወቁ ነበር። በ1929 የግራሃምን ራስ በነሐስ ቀርጿል፤ በእናት የምትገናኘው እህቱም የቡድኑ ተወዛዋዥ ነበረች።

ኖጉቺ ያቀረበው ሥዕል ያለው መጋረጃ አልነበረም። ከመድረኩ መሃል አንድ የአጥር ቁራጭ አቆመ፤ ከኋላው ሁለት ገመዶችን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከፍታ ዘረጋ። ከዚህ በቀር ምንም አልነበረም። ሆኖም ገመዶቹ የሜዳውን ስፋት ሰጡ፤ ተወዛዋዧም በዚያ ስፋት ፊት ብቻዋን የቆመች ሴት ሆነች። በ1946 ለኬቭ ኦቭ ዘ ሃርት፣ ማለትም ለሜዲያ ታሪክ፣ የሠራው የነሐስ ሽቦ ቅርጽ ደግሞ ቀድሞ የመድረክ ዕቃ ሆኖ ቆይቶ በኋላ ተወዛዋዧ የምትለብሰው ልብስ ይሆናል። ቅርጹ ሲንቀጠቀጥ የሰውነቷ መንቀጥቀጥ ይበዛል። እዚህ ላይ የቀራፂው ሥራ የት እንዳበቃና የኮሪዮግራፈሯ የት እንደጀመረ መስመር ማስመር ይከብዳል።

ይሁንና በአሠራር ደረጃ ድርሻቸው አልተደበላለቀም። ግራሃም የታሪኩን ሐሳብ ትነግረዋለች፤ እሱ ለብቻው አስቦ ትንሽ ሞዴል ይዞ ይመጣል፤ እሷ ደግሞ ዕቃውን በእንቅስቃሴ ትፈትነዋለች። አንዱ የሌላውን ሙያ አላዘዘም። ይህ መከባበር ለሦስት ዐሠርት ዓመታት ገደማ የዘለቀና 20 ያህል ሥራዎችን ያፈራ አጋርነት ሆነ። ከዚሁ ጎን የመብራት ባለሙያዋ ጂን ሮዘንታል ከ1930ዎቹ ጀምሮ የግራሃምን መድረክ በብርሃን ቀርጻለች። ብርሃን ግን ትርኢቱ ሲያበቃ የሚጠፋ በመሆኑ የእሷ ድርሻ ከኖጉቺ ቅርጾች ይልቅ ለመርሳት የተጋለጠ ነው።

አፓላሺያን ስፕሪንግ፦ በደብዳቤ የተሠራ ሥራ

ሁለተኛው የአሠራር ቅደም ተከተል ከሙዚቃ ደራሲው አሮን ኮፕላንድ ጋር የታየው ነው። ኤሊዛቤት ስፕሬግ ኩሊጅ የተባለች የሙዚቃ ደጋፊ ለግራሃም አዲስ ሙዚቃ እንዲጻፍ ገንዘብ መደበች። ግራሃምና ኮፕላንድ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አልሠሩም። እሷ የታሪኩን ንድፍ ጽፋ ላከችለት፤ እሱ አስተያየት ሰጠ፤ እሷ አሻሽላ መለሰች። ኮፕላንድ ሙዚቃውን ሲጽፍ የሥራውን ስም እንኳ አያውቅም ነበር፤ በረቂቁ ላይ ያሰፈረው ለማርታ የተጻፈ ባሌት መሆኑን ብቻ ነው። አፓላሺያን ስፕሪንግ የሚለውን ስም ግራሃም ከሃርት ክሬን ግጥም ወስዳ የሰጠችው በኋላ ነው።

ሥራው ጥቅምት 30 ቀን 1944 በዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ቀረበ። አዳራሹ ትንሽ ስለነበር ሙዚቃው የተጻፈው ለ13 መሣሪያዎች ነው። የመድረኩን ገጽታ ኖጉቺ ሠራ። ሙሽራዋን ግራሃም፣ ባሏን ኤሪክ ሆኪንስ፣ ሰባኪውን መርስ ከኒንግሃም ተወዛወዙ። በቀጣዩ ዓመት ሙዚቃው የፑሊትዘር ሽልማትን ለኮፕላንድ አስገኘ።

የዚህ አጋርነት ውጤት ሁለት ገጽታ አለው። ንድፉ በጽሑፍ ስለነበረ ማን ምን እንዳመጣ ዛሬም ሊጠና ይችላል። በሌላ በኩል ሙዚቃው ከውዝዋዜው ተነጥሎ በዓለም ኦርኬስትራዎች ዘንድ ዝነኛ ሲሆን፣ ብዙ አድማጭ ለውዝዋዜ የተጻፈ መሆኑን ሳያውቅ ያዳምጠዋል። የተጻፈው ጥበብ ያልተጻፈውን ጥሎት ሄደ ማለት ነው።

ሃሊም ኤል-ዳብ፦ ከኒው ዮርክ ወደ አዲስ አበባ

ሦስተኛው ቅደም ተከተል ሙዚቃና ውዝዋዜ ጎን ለጎን የሚያድጉበት ነው። ይህን የሚያሳየው ከግብፃዊው ሃሊም ኤል-ዳብ ጋር የተሠራው ክላይተምነስትራ ነው። ኤል-ዳብ በ1921 በካይሮ ተወልዶ ግብርና ተማረ። በ1944 የዛር ሥነ ሥርዓትን ድምፅ በሽቦ መቅረጫ ቀርጾ ድምፁን በመለዋወጥ አዲስ ሥራ አዘጋጀ፤ ይህም ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቀዳሚ ሙከራዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ዛር በአገራችንም የታወቀ እንደመሆኑ የዚህ ሰው የጥበብ መነሻ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ1950 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከመምህራኑ አንዱም ኮፕላንድ ነበር።

ክላይተምነስትራ ሚያዝያ 1 ቀን 1958 በኒው ዮርክ ቀረበ። ሙሉ ምሽት የሚወስድ ሥራ ሲሆን፣ ባሏን አጋሜምኖንን የገደለችውን ንግሥት ከሞት በኋላ ሕይወቷን ስትመረምር ያሳያል። ንግሥቲቱን ግራሃም በ63 ዓመቷ ተወዛወዘች። በርትራም ሮስ አባትንና ልጅን፣ አጋሜምኖንንና ኦሬስቴስን፣ ሁለቱንም ተጫወተ። መድረኩን የሠራው ኖጉቺ ነው። የኤል-ዳብ ሙዚቃ ከመሣሪያዎቹ በተጨማሪ የሰው ድምፅን እንደ ተራኪ ይጠቀማል፤ ዘፋኞቹም በመድረኩ ዳርና ዳር ይቆማሉ። በዚህ የሥራው ንድፍ ውስጥ ድምፅ፣ አካልና ቅርጽ እኩል ተራኪዎች ናቸው። ኤል-ዳብ ከዚያ በኋላም በ1961፣ በ1962 እና በ1975 ለግራሃም ሙዚቃ ጽፏል።

በ1962 ኤል-ዳብ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ እስከ 1964 አስተማረ። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ከተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ የክራር፣ የመሰንቆ፣ የበገና፣ የዋሽንት፣ የእምቢልታና የከበሮ ባለሙያዎች በአንድ ቡድን ተቀመጡ። በባህሉ መሰንቆ የአዝማሪ፣ በገና የጸሎትና የተመስጦ፣ እምቢልታም የክብር ሥነ ሥርዓት መሣሪያ በመሆኑ እነዚህን በአንድነት ማሰማት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። እያንዳንዱ ባለሙያ የየራሱን መቃኛና የጨዋታ ልማድ ይዞ መጥቷል፤ የጋራ ሥራው የሚጸናው አንዱ ሌላውን ለመስማት ሲስማማ ብቻ ነበር። ቡድኑ ከ1966 ጀምሮ በተስፋዬ ለማ መሪነት ቀጥሎ በ1969 አሜሪካን ዞረ።

ኤል-ዳብ በክላይተምነስትራ የሠራበትን ጎን ለጎን የመሥራት ልምድ በአዲስ አበባም ተጠቅሞበታል ብሎ ማንበብ ይቻላል። በሁለቱም ቦታ የተለያዩ ጥበቦች አንዱ የሌላው አገልጋይ ሳይሆኑ በአንድ መዋቅር እንዲቆሙ ተደርጓል። ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም። ኒው ዮርክ ላይ ሁሉም አጋር በስሙ የሚታወቅ ባለሙያ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ዜማው የመጣው ከማኅበረሰብ ነው፤ ማኅበረሰብ ደግሞ በዝግጅት ማስታወቂያ ላይ ስሙን አይፈርምም።

የተወዛዋዦች ድርሻ

የግራሃም ቡድን ከተመሠረተበት ከ1926 እስከ 1938 የሴቶች ብቻ ነበር። ሆኪንስ በ1938፣ ከኒንግሃም በ1939 ሲገቡ የወንድ አካል ወደ ድርሰቶቿ መጣ፤ ድራማዊ ታሪኮችም ሰፉ። ሆኪንስ ከመወዛወዝ አልፎ ገንዘብ በማፈላለግና ቡድኑን በማስተዳደር አገልግሏል። በ1948 ተጋቡ፤ ጋብቻው ግን ብዙ አልቆየም፤ በ1954 በፍቺ ተጠናቀቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጃፓን ዝርያ ካላቸው አሜሪካውያን ጋር ታስራ የነበረችው ዩሪኮ በ1944 ቡድኑን ተቀላቀለች። ጥቁር አሜሪካዊቷ ሜሪ ሂንክሰን በ1951 ገባች። በዘር መለያየት በጸናበት ዘመን ይህ ስብስብ በራሱ ትርጉም ነበረው።

እነዚህ ተወዛዋዦች የተነገራቸውን የሚፈጽሙ ብቻ አልነበሩም። በልምምድ ክፍል ውስጥ ግራሃም ስሜቱንና ሁኔታውን ትገልጻለች፤ ተወዛዋዡ በአካሉ ይሞክራል፤ እሷ ትመርጣለች፣ ትቀንሳለች፣ ታስተካክላለች። ከአንዱ አካል የወጣው እንቅስቃሴ በዚህ መንገድ የሥራው አካል ይሆናል። ሆኖም ይህ ድርሻ እንደ ኮፕላንድ ሙዚቃ በወረቀት አልሰፈረም፤ እንደ ኖጉቺ ቅርጽ በሙዚየም አልተቀመጠም። የሚኖረው በተወዛዋዡ ትዝታና ለቀጣዩ ሰው ባስተማረው መጠን ነው።

ግራሃም እስከ 70ዎቹ ዕድሜዋ አጋማሽ ድረስ መድረክ ላይ ቆየች፤ ሚናዎቿን ለሌሎች ማስረከብ ከበዳት። መድረክ ከተወች በኋላ በሕመምና በሐዘን ያሳለፈችው ጊዜ ከባድ ነበር። በ1973 ወደ ሥራ ስትመለስ ግን ሮስና ሂንክሰንን የመሰሉ የረጅም ጊዜ አጋሮቿ ቡድኑን ለቀቁ። ከእነሱ ጋር በአካል ውስጥ የተቀመጠ ዕውቀት አብሮ ወጣ። በ1976 የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳይ ስትሸለም ይህን ክብር ያገኘች የመጀመሪያዋ ተወዛዋዥ ሆነች። የመጨረሻውን ሙሉ ሥራዋን በ1990 አቀረበች። ሚያዝያ 1 ቀን 1991 በ96 ዓመቷ ስታርፍ 181 ሥራዎችን ትታ ነበር።

ከሞት በኋላ፦ ያልተጻፈው ነገር

ግራሃም ንብረቷን በኑዛዜ ያወረሰችው በመጨረሻ ዘመኗ የቅርብ ረዳቷ ለነበረ ሰው ነው። ወራሹ ውዝዋዜዎቹም የእሱ እንደሆኑ አመነ። እሷ የመሠረተችው ማዕከል ደግሞ የድርጅቱ ናቸው አለ። በ2000 በገንዘብ እጥረትና በአለመግባባት ምክንያት ቡድኑ ሥራውን አቋረጠ። ተወዛዋዦቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩትን ውዝዋዜ ማቅረብ የማይችሉበት ጊዜ መጣ።

ጉዳዩ በኒው ዮርክ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ቀረበ። በ2002 በተሰጠው ፍርድ፣ ክርክር ከተነሣባቸው 70 ውዝዋዜዎች 45ቱ የማዕከሉ ናቸው ተባለ፤ 10ሩ የማንም ያልሆኑ የሕዝብ ሀብት ሆነው ተገኙ፤ ለወራሹ የጸናለት 1 ብቻ ነበር። የተቀሩት ሥራውን ላዘዙ አካላት የተሰጡ ወይም ባለቤትነታቸው በማስረጃ ያልተረጋገጠ ሆኑ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2004 ውሳኔውን በአንዳንድ ሥራዎች ላይ አሻሽሎ በዋናው ፍሬ ነገር አጸናው። የፍርዱ ዋና መሠረት፣ ግራሃም ራሷ ያቋቋመችው ድርጅት ደመወዝተኛ ስለነበረች በሥራዋ የፈጠረችው የቀጣሪዋ ነው የሚል ነው። የዘመናዊ ውዝዋዜ ታላቅ ደራሲ የተባለችው ሴት በሕግ ፊት የብዙ ሥራዎቿ ባለቤት አልነበረችም።

በክርክሩ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ነገር የጠፋው ድምፅ ነው። ክርክሩ በወራሽና በድርጅት መካከል ነበር፤ እንቅስቃሴውን በአካላቸው የፈለጉት ተወዛዋዦች ባለመብት ሆነው አልቀረቡም። ድርሻቸው ሲሠራ ስላልተጻፈ በኋላ የሚጠየቅበት ማስረጃ አልነበረውም።

ለካፋ ውዝዋዜ ጥናት ያለው ፋይዳ

የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የውዝዋዜ ድርሰትን ጥበቃ ከሚያገኙ ሥራዎች መካከል ይቆጥራል። ጥበቃው የሚገኘው ሥራው ወጥ ፈጠራ ሲሆንና ግዙፍነት ባለው ነገር ሲቀረጽ ነው። በጋራ የተሠራ ሥራ የጋራ ባለቤትነት አለው። ተቀጣሪ በሥራው ሂደት የፈጠረው ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የቀጣሪው ነው። ስለዚህ በግራሃም ጉዳይ የተነሣው ጥያቄ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በመንግሥት የባህል ቡድን ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ የካፋ አሠልጣኝ፣ የሚያቀርበው ውዝዋዜ ከገጠር ሽማግሌዎች የተቀበለው፣ ከተወዛዋዦቹ ጋር የቀረጸውና በቢሮው ስም የሚቀርብ ሊሆን ይችላል። ያለ ጽሑፍ ስምምነት ይህ ሰንሰለት በሕግ ፊት ወደ አንድ ስም ይጠባል።

በዘመናዊ ውዝዋዜ ረገድ አገራችን የራሷ ልምድ አላት። በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ ከጎዳና ሕይወት የመጡ ወጣቶችን አሠልጥኖ የተመሠረተው አዱኛ የማኅበረሰብ የውዝዋዜ ቴአትር፣ ከውጭ የመጣ ኮሪዮግራፈርና የአገር ልጆች አብረው ሲሠሩ ምን ሊወለድ እንደሚችል አሳይቷል። በቦንጋ ተመሳሳይ ሥራ ሲታሰብ የማኅበረሰቡ ጭፈራ እንደ ጥሬ ዕቃ፣ ባለሙያው ደግሞ እንደ ብቸኛ ፈጣሪ እንዳይታይ ጥንቃቄ ያሻል።

ከግራሃም ሕይወት የተነበቡት ሦስት ቅደም ተከተሎች ለመስክ ጥናት እንደ መመርመሪያ ሊያገለግሉ ይችላሉ። ተመራማሪው አንድ የካፋ ውዝዋዜ ወደ መድረክ የወጣበትን ሂደት ሲያጠና፣ እንቅስቃሴው ቀድሞ ሙዚቃው ተከትሎ እንደሆነ፣ ንድፍ ወይም ታሪክ ቀድሞ ሌላው በዚያ ላይ እንደተሠራ፣ ወይስ ሁሉም በልምምድ ጎን ለጎን እንዳደገ ይጠይቃል። መልሱ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ ይገልጣል። በሆርስት አሠራር ለሙዚቃው መልክ የሰጠችው ተወዛዋዧ ናት፤ በኮፕላንድ አሠራር የንድፉ ጸሐፊ ትልቅ ቦታ አላት፤ በኤል-ዳብ አሠራር ድርሻው ለመለየት ይከብዳል፤ ስለሆነም አስቀድሞ መስማማት ግድ ይላል።

ይህን መረጃ ለመያዝ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ልምምዱ በሚካሄድበት ዕለት በካፊኖኖና በአማርኛ የሚጻፍ ቀላል መዝገብ ይበቃል፦ ዘፈኑ ከየት ቀበሌ እንደተወሰደና ማን እንዳወጣው፣ እንቅስቃሴውን ማን እንዳሳየ፣ ለመድረክ ሲባል ምን እንደተቀነሰና በማን ውሳኔ፣ ሙዚቃውን ማን እንዳቀናበረ፣ ባለቤቶቹ ለመቅረጽና ለማቅረብ ፈቃድ መስጠታቸው። ከመዝገቡ ጋር የሚቀመጥ የምስል ቅጂ ደግሞ አዋጁ የሚጠይቀውን መቀረጽ ያሟላል። የማኅበረሰቡ አባላት ስማቸው እንዲጻፍ ካልፈለጉ ምርጫቸው መከበር ይኖርበታል፤ ያን ጊዜም ቢሆን የመጡበት ስፍራና ወግ ሊጠቀስ ይገባል።

ማጠቃለያ

የማርታ ግራሃም ሕይወት ሲመረመር በአንድ ስም የሚጠራ ሥራ በስተጀርባው ብዙ እጅ እንዳለበት ያሳያል። ይህ ታላቅነቷን አይቀንስም። ሆርስትን ከዴኒሾን፣ ኖጉቺን ከቅርፃ ቅርፅ፣ ኤል-ዳብን ከካይሮ ዜማ መርጣ በአንድ መድረክ ያቆመች እሷ ናት፤ አጋርን መምረጥና ለሙያው ቦታ መተው ራሱ ጥበብ ነው። ጉድለቱ ያለው በአሠራሩ ሳይሆን በአመዘጋገቡ ነው። ድርሻቸው በሙዚቃ ወረቀት፣ በቅርጽና በደብዳቤ የተያዘላቸው አጋሮች በታሪክ ቆመዋል፤ በአካላቸው ብቻ የሠሩት ግን በፍርድ ቤት መዝገብ እንኳ ባለመብት ሆነው አልተቆጠሩም። የካፋ ጭፈራ ደግሞ በዋናነት የሚኖረው በአካልና በድምፅ ነው። የሚያወጡትና የሚያስተምሩት አዛውንት ባለፉ ቁጥር ማስረጃው አብሮ ያልፋል። በአካባቢው የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች የውዝዋዜውን ዓይነት ከመዘርዘር አልፈው ማን ከማን ጋር፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በምን ስምምነት እንደሠራው ቢመዘግቡ፣ ሥራው ወደ መድረክ ሲወጣ ባለቤቶቹም አብረው ይወጣሉ።